12 ወር ከየት ይቆጠራል?

ያለ ወቅቱ የመጣው የጥቅምት ዝናብ ይሁን የሥራው ብዛት አላውቅም፣ ከቢሮ ከወጣሁ ጀምሮ ልቤ ከብዷል። የግብር ማሳወቂያው ጊዜ ሊያልቅ ስለተቃረበ ደንበኛው ሁሉ ሪፖርቱን ለነገ ይፈልጋል፤ እኔ ግን ማታ የተቀመጥኩት የተሻሻለውን የኦዲት ደረጃ ቁጥር 570 ለማንበብ ነበር። ዓለም አቀፉ የኦዲትና የማረጋገጫ ደረጃዎች ቦርድ በ2025 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ ደረጃ፣ አንድ ድርጅት በሥራው ለመቀጠል መቻሉን ኦዲተሩ እንዴት እንደሚመረምር የሚደነግግ ነው። ከዲሴምበር 15 ቀን 2026 ወዲህ ለሚጀምሩ የሂሳብ ዘመናት ስለሚሠራ፣ ሐምሌ 1 ሂሳብ ለሚከፍቱ ድርጅቶቻችን የሚደርሰው በሐምሌ 2019 ዓ.ም. ነው።

ጥርጣሬ በሌለበትም ጊዜ ስለ ቀጣይነቱ የደረስንበትን በሪፖርቱ ውስጥ ራሱን በቻለ ርእስ እንድንጽፍ ያዛል። እኔን ያቆመኝ ግን ሌላ ሐረግ ነው። ኃላፊዎቹ ወደ ፊት አይተው የሚገመግሙት ቢያንስ 12 ወር እስከ አሁን የሚቆጠረው ሂሳቡ ከተዘጋበት ቀን ነበር፤ በአዲሱ ግን የሂሳብ መግለጫዎቹ ከጸደቁበት ቀን ይቆጠራል። ሰኔ 30 ተዘግቶ ጥቅምት 30 ለሚጸድቅ ሂሳብ ልዩነቱ አራት ወር ነው።

አራት ወር ሲባል ያ የጫማ ማምረቻ ትዝ አለኝ። በንብረት ቆጠራው ዕለት ከመጋዘን ኃላፊዋ ጋር የሶል እሽጎችን ስንቆጥር፣ በአንዱ ላይ የተኛውን አቧራ በጣቴ ጠርጌ ነበር ቁጥሩን ያነበብኩት። ቁጥሩ የዕቃው ገቢና ወጪ ከሚመዘገብበት ቢን ካርድ ጋር አንድም ሳይዛነፍ ስለገጠመ ደስ ብሎኝ ምልክት አደረግሁ። ካርዱ ላይ የመጨረሻው ወጪ የተመዘገበው በየካቲት መሆኑንም አይቻለሁ፤ እርሱን ግን የዕቃው ዋጋ መቀነስ አለበት ወይ ለሚለው ጥያቄ ብቻ ተጠቀምኩበት። ከግምገማው ጊዜ ወዲያ የሚያውቁት ስጋት እንዳለ ሥራ አስኪያጁን መጠየቅ ያን ጊዜም ግዴታችን ስለነበር ጠየቅሁ፤ «ምንም የለም» አለኝ፤ መልሱን መዝግቤ ፋይሉን ዘጋሁ። በጥቅምት መጨረሻ ነቀፌታ የሌለው አስተያየት ሰጠን። ሪፖርቱን ላደርስ የሄድኩ ዕለት የመጋዘን ኃላፊዋ እትዬ ቡና ቀድተውልኝ «ልጄ፣ ደህና ነን?» ሲሉኝ «ደህና ናችሁ እትዬ» አልኳቸው። በተከታዩ ነሐሴ ማምረቻው ተዘጋ።

ያየነው 12 ወር ሰኔ 30 ላይ አብቅቶ ነበር። በአዲሱ አቆጣጠር ቢሆን ነሐሴ በግምገማው ውስጥ ይወድቅ ነበር፤ የባንኩ ብድር የሚታደስበትን ቀን፣ የሚጠበቀውን ሽያጭ፣ የሠራተኛውን ደመወዝ እስከዚያ ድረስ አሰልፈን ማየት ነበረብን። ለውጡን ከልቤ የምደግፈው ለዚህ ነው፤ ሪፖርት የሚያነብ ሰው የሚወስነው ካነበበበት ቀን በኋላ ስላለው ጊዜ ነውና።

ሆኖም አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ያን ጥቅምት ጥርጣሬያችንን በግልጽ ጽፈን ቢሆን ባንኩ ኦቨርድራፍቱን፣ ማለትም ከሂሳብ በላይ ለማውጣት የፈቀደውን ብድር፣ ያድስ ነበር? ወይስ በነሐሴ የተዘጋው በር በኅዳር ይዘጋ ነበር? በኅዳር ቢዘጋስ፣ እትዬ ቀድመው ሌላ ሥራ ለመፈለግ ጊዜ ያገኙ ነበር ወይስ የዘጠኝ ወር ደመወዛቸውን ያጡ ነበር?