ያገለገለች ባለሸራ ጀልባ ስመርጥ የተከተልኩት የውሃውን ዱካ ነበር

የጀልባ ሽያጭ ማስታወቂያ ሁሉ በዕቃ ዝርዝር ይጀምራል፦ አዲስ ጂፒኤስ፣ ራዳር፣ አውቶፓይለት፣ ፍሪጅ፣ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ። ፍለጋ በጀመርኩባቸው ወራት እነዚህን ዝርዝሮች ደጋግሜ ሳነብ አንድ ነገር ግልጽ ሆነልኝ። እዚያ የተጻፈውን በሙሉ ገንዘብ ያለው ሰው ነገ ከሱቅ ሊገዛው ይችላል። ከሱቅ የማይገዛው ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም፦ ደረቅ ወለል፣ በቦታው የጸና ኪል (ከጀልባዋ ሥር ተንጠልጥሎ በክብደቱ የሚያረጋጋት ክንፍ)፣ ውስጡ ያልተበላ መሪ፣ ምሰሶውን የያዙ ጤነኛ ብረቶች። እነዚህን የሚጨርሳቸው ጠላት አንድ ነው፤ ቀስ ብሎ ገብቶ ሳይታይ የሚቀመጥ ውሃ። ስለዚህ እያንዳንዷን ጀልባ ሳይ የምይዘው ጥያቄ አንድ ብቻ ሆነ፦ ውሃው በየት ገባ፣ እስከ የትስ ደረሰ?

ከዚያ በፊት ለምን እንደምፈልጋት ወስኛለሁ። ሁለት ሰው ለሳምንታት የሚኖርባት፣ ከዳርቻ ርቃ ሌሊትና ቀን የምትጓዝ ጀልባ ነበረች በሐሳቤ ያለችው። ርዝመቷ 10 ሜትር ገደማ እንዲሆን መረጥኩ። ጀልባ በርዝመት ጥቂት ስትጨምር ክብደቷ፣ የሸራዋ ስፋትና የጥገና ወጪዋ ከርዝመቷ በላይ ያድጋል፤ ፍጥነቷ ግን በዚያው ልክ አይጨምርም። የዚህ ዓይነት ጀልባ የፍጥነት ጣሪያ በግምት የሚገኘው ውሃ ላይ ያረፈውን ርዝመቷን በሜትር ወስዶ፣ ስኩዌር ሩቱን በ2.43 በማባዛት ነው። 8 ሜትር ከሆነ 6.9 ኖት (የባሕር ላይ የፍጥነት መለኪያ) ይመጣል፤ 10 ሜትር ከሆነ 7.7 ኖት። አንድ ኖት ለማትሞላ ልዩነት ያን ሁሉ ወጪ መሸከም አልፈለግኩም።

ሁለተኛው ማጣሪያዬ መረጋጋት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 በፋስትኔት፣ በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል በሚደረገው የባለሸራ ጀልባዎች ውድድር ላይ፣ በተነሳው ማዕበል ብዙ ጀልባዎች ተገልብጠው 15 ተወዳዳሪዎች ሞቱ። ከዚያ አደጋ በኋላ ዛሬም የሚሠራበት ቀላል ስሌት ተዘጋጀ፦ የጀልባዋን ክብደት በፓውንድ ወስዶ ለ64 ማካፈል፣ የውጤቱን ኩብ ሩት ማውጣት፣ ከዚያ የጀልባዋን ስፋት በፉት ለዚህ ቁጥር ማካፈል። 12,000 ፓውንድ የምትመዝንና 10.5 ፉት የምትሰፋ ጀልባ 1.83 ገደማ ይወጣላታል። ከ2 በታች ከሆነ ለሰፊ ባሕር የተሻለች ናት ማለት ነው። ስሌቱ ክብደቱ ከታች ይሁን ከላይ አይለይም፤ እኔም የተጠቀምኩበት ለማጣራት እንጂ ለመፍረድ አይደለም። በዚህ ብቻ ብዙ ማስታወቂያዎች ከዝርዝሬ ወጡ።

አሁን ወደ ውሃው። ስለ ፋይበርግላስ ሲወራ ገዢ ሁሉ የሚፈራው ኦስሞሲስን ነው። ውሃ በውጫዊው የጄልኮት ሽፋን በኩል ቀስ እያለ ያልፋል፤ ውስጥ ካልደረቁ ኬሚካሎች ጋር ሲገናኝ ፈሳሽ ይፈጠራል፣ ግፊቱም ቀፎው (የጀልባዋ ውጫዊ አካል) ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ያወጣል። እብጠቱ ሲፈርጥ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። መልኩ ያስደነግጣል፤ ጥገናውም ረጅም ጊዜና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ሆኖም ወፍራም ቀፎ ባላቸው የድሮ ጀልባዎች ላይ ጥቂት እብጠት ጀልባ አያሰጥምም። ለእኔ ዋጋ መደራደሪያ ነው እንጂ መሸሺያ አይደለም።

እኔን የሚያስፈራኝ የላይኛው ወለል ነው። በድሮው ዘመን የተሠሩ ብዙ ቀፎዎች ድፍን ፋይበርግላስ ናቸው። ወለሉ ግን ቀላልና ጠንካራ እንዲሆን በሁለት ስስ የፋይበርግላስ ንብርብሮች መካከል የባልሳ እንጨት ወይም ፎም ገብቶበት ይሠራል። ደረቅ እስከሆነ ድረስ ድንቅ አሠራር ነው። ነገር ግን ወለሉ ላይ የሚታሰር ሁሉ፣ የመያዣ ዘንጉም ሆነ የገመድ መጠቅለያው፣ የብሎን ቀዳዳ ይፈልጋል። የቀዳዳው ማሸጊያ ሲያረጅ ውሃ በብሎኑ ዙሪያ ሾልኮ ባልሳው ጋ ይደርሳል፤ እንጨቱም ይበሰብሳል። ላዩ ግን ነጭ ሆኖ እያብረቀረቀ ይቀጥላል።

ለዚህ ምርመራ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የእስክሪብቶ ያህል ርቀት እየዘለልኩ በካቻቪቴ የፕላስቲክ እጀታ ወለሉን አንኳኳሁ። ደህናው ቦታ ጥርት ያለ አጭር ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው የታፈነ ድምፅ ያወጣል። ልዩነቱን ጆሮ በፍጥነት ይለምደዋል። ጫማዬን አውልቄም በምሰሶው ዙሪያ በቀስታ ተራመድኩ፤ ከእግር ሥር ትንሽ እንኳ ከረገበ እዚያ ችግር አለ። ቀጥሎ ወደ ውስጥ ገብቼ ከእያንዳንዱ ብሎን ሥር ጣሪያውን በባትሪ መብራት አየሁ። ቡናማ የውሃ መስመር ካለ ዱካው ተገኘ ማለት ነው። በቲክ እንጨት የተሸፈነ ወለል ያላቸውን ጀልባዎች ከዝርዝሬ ያስወጣሁትም በዚሁ ምክንያት ነው። ቲኩ ውብ ነው፤ ነገር ግን በድሮው አሠራር በመቶ በሚቆጠሩ ብሎኖች ስለሚታሰር እያንዳንዱ ብሎን ለውሃ አንድ በር ነው።

ምሰሶውን የሚይዙት የስቴንለስ ስቲል ገመዶችም በዚሁ ታሪክ ውስጥ ናቸው። ስቴንለስ ስቲል ራሱን የሚጠብቀው ከኦክሲጅን ጋር ሲገናኝ በሚፈጥረው ስስ ሽፋን ነው። ጨዋማ ውሃ ተኝቶበት አየር በማያገኝ ጠባብ ቦታ ይህ ሽፋን ይጠፋና ብረቱ ከውስጥ ይበላል። ገመዶቹን ከጀልባዋ አካል ጋር የሚያያይዙት ጠፍጣፋ ብረቶች ወለሉን ሰንጥቀው የሚያልፉበት ቦታ እንዲህ ያለ ነው። ከላይና ከታች አብረቅርቆ የሚታየው ብረት መካከሉ ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ሻጩን የምጠይቀው ገመዶቹ መቼ እንደተቀየሩ ብቻ አልነበረም፤ ጠፍጣፋዎቹ ብረቶች ወጥተው ታይተው ያውቁ እንደሆነም ነበር። ብዙ የመድን ድርጅቶች ከ10 እስከ 15 ዓመት የሞላቸው ገመዶች እንዲቀየሩ ስለሚጠይቁ፣ የመግዣ ዋጋውን ሳሰላ ይህን ወጪ አብሬ ደመርኩ።

ኪል ላይ ድርድር የለኝም። እ.ኤ.አ. በ2014 ቺኪ ራፊኪ የተባለች ጀልባ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ኪሏ ተነቅሎ ተገለበጠች፤ አራቱም መርከበኞቿ ጠፉ። የብሪታንያ የባሕር አደጋ መርማሪዎች ቀደም ሲል ከመሬት ጋር መጋጨቷና ከዚያ በኋላ የተደረጉት ጥገናዎች ኪሉ የሚታሰርበትን መዋቅር አዳክመውት ሊሆን እንደሚችል ጻፉ። ጀልባ በፍጥነት እየሄደች መሬት ስትመታ የኪሉ ግርጌ ወደ ኋላ ይገፋል፤ የላይኛው የኋላ ጫፉ ቀፎውን ወደ ላይ ይጫናል። ስለዚህ የውስጥ ወለል ሳንቃዎችን አንስቼ፣ ከኪሉ የኋላ ጫፍ በላይ ያለውን ቦታ አቧራውን ጠርጌ አየሁ። እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ፣ አዲስ የተቀባ ቀለም በአሮጌው መካከል፣ ከብሎኖቹ ሥር የወረደ የዝገት መስመር፤ ከእነዚህ አንዱን ካየሁ ሻጩ ተስማሚ ማብራሪያ ካልሰጠኝ በቀር እዚያው እጨርሳለሁ።

ከውሃ ውስጥ ወጥታ በጀልባ ማንሻ ላይ የተንጠለጠለች አንዲት ጀልባ ትዝ ትለኛለች። ውስጧ ሙሽራ ቤት ይመስላል፤ ሸራዎቿ አዲስ ነበሩ። ከወጣች ብዙ ከቆየች በኋላም ከመሪዋ ግርጌ ውሃ ጠብ ጠብ ይል ነበር። የመሪው ሰሌዳ ውስጡ ፎም ነው፤ ፎሙ መካከል ከመሪው ዘንግ ጋር የተበየዱ ብረቶች አሉ። ውሃ ከገባ እነዚያ ብየዳዎች አየር በሌለበት ጨው ውስጥ ተዘፍቀው ይኖራሉ። ሻጩ በዋጋ ሊቀንስልኝ ፈልጎ ነበር፤ እኔ ግን መሪው ሳይከፈት ዋጋ መነጋገር አልፈለግኩም፤ አመስግኜው ሄድኩ።

የገዛኋት ጀልባ ከእሷ ጋር ስትተያይ ፍዝ ነበረች፦ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራች፣ የመቀመጫ ጨርቋ የነጣ፣ መሣሪያዎቿ ያረጁ። ባለቤቷ አዛውንት ሲሆኑ ከነደረሰኙ የተያዘ ወፍራም የጥገና ደብተር ነበራቸው። የትኛው ቫልቭ መቼ እንደተቀየረ፣ ጠፍጣፋዎቹ ብረቶች መቼ ወጥተው እንደታዩ፣ በየዓመቱ ተጽፏል። «ይህን ሁሉ ለምን ይጽፋሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ሌሊት ባሕር ላይ አንድ ነገር ቢበላሽ፣ ማን እንዴት እንዳሰረው ካወቅኩ መፍታት አያቅተኝም፤ አንተም ጻፍ ልጄ» አሉኝ። ከማንኛውም አዲስ መሣሪያ ይልቅ ያ ደብተር ልቤን አሳረፈው። ያም ሆኖ ምርመራውን አንድም አላስቀረሁም፤ እሳቸውም አልተቀየሙም።

ሞተሩን ቀዝቃዛ ሆኖ እንዲጠብቀኝ አስቀድሜ ነገርኳቸው። ስደርስ በእጄ ነካሁት። ቀድሞ የሞቀ የናፍጣ ሞተር የመነሳት ችግሩን ይደብቃል። ሲነሳ ጭሱን ተመለከትኩ፦ የማይጠፋ ጥቁር ጭስ በደንብ ያልተቃጠለ ነዳጅ ወይም ከአቅም በላይ የሆነ ጭነት ነው፣ ሰማያዊ ጭስ የሚቃጠል ዘይት ነው፣ ሳይጠፋ የሚቆይ ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ነዳጅ ወይም የውሃ እንፋሎት ሊሆን ይችላል። የዘይት መለኪያውን ሳወጣ ነጣ ያለ ወፍራም ዘይት ቢወጣ ኖሮ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነበር። ከጭስ ማውጫው ጋር የማቀዝቀዣ ውሃው በደንብ መውጣቱንም አየሁ። ሴይልድራይቭ (የሞተሩን ኃይል በቀፎው በኩል ቀጥ ብሎ ወደ ታች ወደ ፕሮፔለሩ የሚያደርስ ክፍል) ያላትን ጀልባ ለሚገዛ አንድ ነገር ልጨምር፦ ቀፎው ውስጥ ባለው ትልቅ ቀዳዳ ላይ ውሃውን የሚይዘው የጎማ ሽፋን ነው። አምራቹ ቮልቮ ፔንታ በየ7 ዓመቱ እንዲቀየር ይመክራል፤ የተቀየረበት ማስረጃ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት።

ከቀፎው ሥር ያሉ ቫልቮች በሙሉ መከፈትና መዘጋት አለባቸው። ከብሮንዝ ይልቅ ከተራ ብራስ የተሠሩ ከሆኑ ጨዋማ ውሃ ዚንኩን ከውስጣቸው ያወጣዋል፤ ሲፋቁ ቀላ ያለ መልክ ካሳዩ ተሰባሪ ሆነዋል። የጋዝ ሲሊንደሩ ሳጥንም ከታች ወደ ውጭ የሚወጣ ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈስ ወደ ጀልባዋ የታችኛው ሆድ ወርዶ ይጠራቀማል።

ባለሙያ መርማሪውን ራሴ ፈልጌ ቀጠርኩ። ሻጩም ደላላውም ያቀረቡልኝን ሰው አልወሰድኩም፤ ሐቀኞች ስላልሆኑ ሳይሆን መርማሪው ታማኝነቱ ለሚከፍለው ሰው ብቻ እንዲሆን ስለፈለግኩ ነው። ቀብድ የከፈልኩት ምርመራውና የባሕር ላይ ሙከራው ካላረካኝ ገንዘቤ እንዲመለስ በሚል ውል ነው። መርማሪው ሲሠራ ቀኑን ሙሉ አብሬው ነበርኩ። ሪፖርቱ ጠቃሚ ነው፤ ግን እርጥበት መለኪያውን ይዞ አንድ ቦታ ላይ ሲዘገይ ማየት፣ ለምን እንደዘገየም መጠየቅ፣ ከወረቀቱ የበለጠ ያስተምራል። በወለሉ ላይ ሁለት እርጥብ ቦታዎች አገኘ፤ እኔም በማንኳኳት አንዱን አግኝቼው ነበር። የጥገናው ግምት ከዋጋው ላይ ተቀነሰ።

ሰነድ ላይ አጭር ልሁን፦ ሻጩ በእርግጥ ባለቤት መሆኑን፣ በጀልባዋ ላይ ዕዳ ወይም ዕገዳ አለመኖሩን፣ ግብር የተከፈለበት ማስረጃ መኖሩን፣ ቀፎው ላይ የተቀረጸው መለያ ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አንድ መሆኑን ሳላረጋግጥ ሙሉ ክፍያ አልፈጸምኩም።

ከበጀቴ አንድ አምስተኛውን ለመግዣ ሳልነካ ያስቀመጥኩት ለመጀመሪያው ዓመት ሥራ ነው። ቅደም ተከተሉንም በዚያው ጥያቄ መሠረት አወጣሁ። መጀመሪያ ከውሃው መስመር በታች ያሉ ቫልቮችና ቱቦዎች፣ ቀጥሎ የምሰሶው ገመዶች፣ ከዚያ ወለሉ። ወለሉ ላይ ያሉ ዕቃዎችን አንድ በአንድ እፈታለሁ። እርጥብ ባልሳውን አወጣለሁ፤ ቀዳዳውን ከብሎኑ አስፍቼ በኢፖክሲ (ሲደርቅ በሚጠነክር ሙጫ) እሞላዋለሁ፤ ሲደርቅ መካከሉን እንደገና በብሎኑ ልክ እበሳዋለሁ። አሁን ብሎኑ ዙሪያውን በኢፖክሲ ስለተከበበ ማሸጊያው ቢያረጅ እንኳ ውሃው ከጣሪያዬ ወደ ውስጥ ይንጠባጠባል እንጂ ባልሳው ጋ አይደርስም። ከፊት ጀምሬ ምሰሶው ጋ ደርሻለሁ፤ የተሠራውን ሁሉ ከነቀኑ በአዛውንቱ ደብተር ላይ እየቀጠልኩ እጽፋለሁ፤ የቀረኝ የመስኮቶቹ ዙሪያና የኋላው ክፍል ነው።