«እሺ» የማይባልበት መኪና

በአምቡላንሳችን ከሱሉልታ የጫንናቸው እናት ስልሳውን ዘለል ያሉ ነበሩ። ሕመማቸው የሳንባ ምች ነው። ስንደርስ ትንፋሻቸው አጥሯል፣ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ማስክ አድርጌ ኦክስጅኑን በደቂቃ 15 ሊትር ስለቀው ሳቹሬሽናቸው፣ ማለትም የደማቸው ኦክስጅን መጠን፣ 91 በመቶ ገባ፤ ልጃቸውም እኔም እፎይ አልን። ክረምት ነው፣ ሌሊት ነው፣ ዝናቡ የመኪናውን ጣሪያ ይደበድበዋል። ወደ አዲስ አበባ የሚወርደውን የእንጦጦን ቁልቁለት ስንጀምር የተበላሸ ከባድ መኪና መንገዱን ዘግቶ አገኘነው።

ከቆምን በኋላ ነው ቀና ብዬ ያየሁት። የኦክስጅን ሲሊንደሩ ጌጅ (የቀረውን የሚያሳየው መለኪያ) መርፌ ቀዩ ላይ ተኝቷል።

ብዙም ሳይቆይ የማስኩ ከረጢት እንደ ባዶ ፌስታል ተጨማደደ። ሳቹሬሽናቸው 84፣ 78፣ 71 እያለ ወረደ። አምቡ ባግ፣ በእጅ እየተጨመቀ የሚያስተነፍሰውን ከረጢት፣ አንስቼ በተራ አየር ብቻ ማገዝ ጀመርኩ። ልጃቸው «እማዬ፣ እማዬ» ይላል። ሹፌራችን ዝናቡ ውስጥ ወርደው በእጃቸው መኪና እያስቆሙ፣ ወደ ኋላ እያስመለሱ መንገድ አስከፈቱ። እናትየው በሕይወት ሆስፒታል ገቡ፣ ከቀናት በኋላም በእግራቸው ወጡ። እግዚአብሔር ይመስገን።

ሊነጋጋ ሲል መኪናውን ስናጥብ ሹፌራችን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሲስተር፣ ማታ ስንረከብ እኮ ጌጁ ዝቅ ማለቱን አይቼው ነበር» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም ጋሼ?»

«በናንተ ሥራ ምን ብዬ ልግባ? አውቃችሁ ነው ብዬ ነዋ።»

ልቆጣ ብዬ አፌን ከፍቼ ተውኩት። ጌጁን ማየት የእኔ ሥራ ነበር፤ አላየሁም። ደግሞም ወደ ሱሉልታ ስንወጣ፣ በዚያ ርጥብ አስፋልት ላይ መኪናው ሲከንፍ፣ ብረቱን ጨብጬ ዝም ብዬ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። የአባቴን እኩያ «ቀስ ይበሉ» ማለት ከብዶኝ ነው። እሳቸው ሙያዬን አክብረው ዝም አሉ፣ እኔ ዕድሜያቸውን አክብሬ ዝም አልኩ። በሁለታችን ይሉኝታ መሃል የሰው እናት ተኝታለች።

የኦክስጅኑ ሂሳብ ከባድ ሆኖ አይደለም። የሲሊንደሩን መጠን በሊትር፣ በጌጁ ላይ ባለው ባር (የግፊት መለኪያ) ማብዛት ነው። የእኛው 10 ሊትር የሚይዝ ነው። ስንነሳ 40 ባር ነበረው ብንል 400 ሊትር ይሆናል፤ በደቂቃ 15 ከለቀቅነው ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ይህን ተማሪ ሳለሁ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ያጣሁት ዕውቀት አልነበረም።

በኋላ አንድ ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ በአሜሪካዋ ፖርትላንድ ከተማ የደረሰውን የአውሮፕላን አደጋ ሲነግረን ሰውነቴን ቀዘቀዘኝ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1978፣ 189 ሰው የያዘ ዲሲ-8 አውሮፕላን ለማረፍ ሲል የጎማው ነገር አጠራጠረው። ካፒቴኑ ጎማውን ሲያጣራ አንድ ሰዓት ያህል ከተማዋ አጠገብ ዞረ። ፍላይት ኢንጂነሩ፣ አብራሪዎቹ ጋ ሆኖ ሞተርና ነዳጅ የሚከታተለው ሰው፣ ነዳጁ እየወረደ መሆኑን ተናግሯል፤ ግን ካፒቴኑን በሚያስቆም ድምፅ አልነበረም። ነዳጁ አለቀ፣ አውሮፕላኑ አየር ማረፊያው ሳይደርስ ወደቀ፣ 10 ሰዎች ሞቱ። በሚቀጥለው ዓመት ናሳ በጠራው ስብሰባ ላይ አብራሪዎች እርስ በርስ መነጋገርን እንደ ሙያ እንዲማሩት ተመከረ። ያ ትምህርት ውሎ አድሮ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍልና ወደ አምቡላንስም መጣ፤ ዛሬ «ነን ቴክኒካል ስኪልስ»፣ ማለትም ከሕክምናው ዕውቀት ጎን ያለ የመነጋገርና አብሮ የመሥራት ክህሎት፣ የምንለው እሱ ነው። እኔ ግን ነዳጁን ስሰማ ያየሁት የኦክስጅን ጌጅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በእኛ መኪና «እሺ» ብቻውን መልስ አይሆንም። «እሺ» በአማርኛ ሰማሁም፣ ተስማማሁም፣ ተወኝም ማለት ነው። አንድ ጊዜ ጥሪ ተቀብሎ ከሚልከን ስምሪት ክፍል «ጀሞ ሁለት» ተብለን «እሺ» ብለን ጀሞ አንድ ኮንዶሚኒየም ሄደናል። ምጥ የያዛት ሴት በር ላይ ስትጠብቀን እኛ ሌላ ሳይት ብሎክ እንቆጥር ነበር። አሁን የሰማነውን መልሰን እንናገራለን፤ «ጀሞ ሁለት፣ ከሚካኤል ወደ ውስጥ» ብለን። ስምሪት ላይ ያለችው ልጅ መጀመሪያ የተጠራጠርናት መስሏት ቅር ብሏት ነበር።

ሁለተኛው ነገር ርክክብ ነው። ፈረቃ ስንጀምር ሦስታችንም፣ ሹፌሩ፣ እኔና ረዳቴ፣ የኋላውን በር ከፍተን እንቆማለን። ማን ምን እንደሚይዝ፣ ማን እንቅልፍ እንዳላገኘ ሳይቀር እንነጋገራለን። ልጁ ያመመበት ሰው ካለ ይናገራል። «ስጋት አለኝ» የሚል ቃልም ተስማምተናል፤ ያን ከማናችንም አፍ ስንሰማ እጃችን ይቆማል። ማንም ለምን አልክ አይባልም። ይህን ለማስለመድ ወራት ፈጅቶብኛል፤ ታላቅን ማረም ነውር ነው እየተባለ ላደገ ሰው ቀላል አይደለም።

ባለፈው ወር እግሩ የተሰበረ ወጣት ከመንገድ ዳር አነሳን። ሰው ከቦናል፣ ሁሉም ይጮኻል። ለሕመሙ ኬታሚን «ፊፍቲን» (15 ሚሊግራም) አልኩ፣ ረዳቴ «ፊፍቲ» (50) ሰማች። መጠን በእንግሊዝኛ የመጥራት ልማዳችን ነው። ባትሪ ይዘው የሚያበሩልን ሹፌራችን ሲሪንጁን አይተው «ስጋት አለኝ» አሉ። «የዛሬው ከሌላ ጊዜው በዛብኝ።»

ሲሪንጁን ወደ ብርሃኑ አስጠጋሁት። 1 ሚሊ ተቀድቷል። የእኛ ብልቃጥ በሚሊ 50 ሚሊግራም ነው፤ መቀዳት የነበረበት 0.3 ነው። ረዳቴ እጇ ተንቀጠቀጠ። «አሥራ አምስት» አልኳት በአማርኛ። «አሥራ አምስት፣ ነጥብ ሦስት ሚሊ» ብላ መለሰችልኝና እንደገና ቀዳች።

ትናንት ማታ ስንረከብ ጋሼ እኔን ሳይጠብቁ በሩን ከፍተው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ወደ ጌጁ ጎንበስ አሉ።

«መቶ አርባ ባር፣ ሲስተር።»

«መቶ አርባ» አልኩ።