የድፎው ጽሑፍ የማን ነው?

እኛ ዳቦ መጋገር የምንወድ ሰዎች በቴሌግራም ተሰባስበን ሦስት ዓመት ያህል ስንጻጻፍ ቆይተናል። አንዱ ስለ እርሾው ይጽፋል፣ ሌላዋ የአምባሻዋን ፎቶ ትልካለች። ግሩፑን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ማስታወቂያ የማጠፋው፣ ጠብ የማበርደውም እኔው። ከተጻፈው ውስጥ 44 መርጬ ላሳትም ስነሣ ፈቃድ መጠየቅ ትዝም አላለኝ። ግሩፑ የኔ ነዋ!

የሙከራውን ቅጂ ለአባላት የላክሁ ዕለት ማታ አንዲት እናት ደወሉ። "የኔ ልጅ፣ ዳቦው ዳቦዬ ነው፤ ቃሉ ግን የኔ አይደለም" አሉኝ። ስለ ድፎ ሲጽፉ "ከእሳት የሚወጣው ሽታው ጎረቤት ሲጠራ ነው" ብለው ነበር። እኔ ለአንባቢ ይመቻል ብዬ "በ180 ዲግሪ 45 ደቂቃ" አድርጌዋለሁ። እሳቸው የሚጋግሩት ኮባ አንጥፈው፣ ከላይም ከታችም እሳት አድርገው ነው፤ የምን ዲግሪ? ገንዘብ እንኳ አልጠየቁም። ይበልጥ ያሳፈረኝም እሱ ነው።

በማግሥቱ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ፈልጌ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ወጥ የሆነ፣ ማለትም ከሌላ ያልተቀዳ ሥራ በጽሑፍ ከሰፈረ መብቱ ያለ ምንም ምዝገባ የአመንጪው ነው፤ ጥራቱም አይጠየቅም። የፊደል ግድፈት የሞላበት የሌሊት መልእክትም ባለቤት አለው ማለት ነው። እኔ ተስፋ ያደረግሁት ብዙ ሰው የሚሳተፍበትን ሥራ የሚመለከተውን ድንጋጌ ነበር። እሱ ግን አንድ ሰው አስቦ፣ እየመራ ለሚያሠራውና የጸሐፊዎቹ ማንነት ሳይገለጽ በራሱ ስም ለሚያወጣው ሥራ ነው። እኔ ማንንም አላሠራሁም። ሁሉም በገዛ ስሙ፣ ደስ ባለው ሰዓት የጻፈው ነው።

የሞራል መብት የሚባለውም አለ፤ በስም መጠራት፣ ወይም በብዕር ስም መደበቅ፣ ክብርንና ዝናን በሚጎዳ መንገድ ሥራ ሲለወጥ መቃወም። የኔ 180 ዲግሪ ክብር ይንካ አይንካ ጠበቆች ይከራከሩበት፤ እኔ የሴትየዋን ድምፅ ሰምቻለሁ።

አንድ ነገር ግን ቀለል አለኝ። አዋጁ ሐሳብንና አሠራርን አይጠብቅም። ድፎ እንዴት እንደሚጋገር ማንም በራሱ ቃል ሊጽፍ ይችላል፤ ያልተፈቀደው የሰውን አጻጻፍ መውሰድ ነው።

ስለዚህ ግማሽ ገጽ የፈቃድ ወረቀት አዘጋጀሁ። የትኛው ጽሑፍ፣ ለአንድ እትም ብቻ፣ በምን ስም ይውጣ፣ እርማት ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም። "ምን ወረቀት ያስፈልጋል፣ ውሰጂው" ብለው በድምፅ የላኩልኝ ብዙ ናቸው፤ ሕጉ ግን በጽሑፍ ይላልና አስፈረምኳቸው። ፎቶው ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። የአምባሻውን ፎቶ ያነሣው ለካ የልጅቷ ወንድም ነው። የፎቶ መብት ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ይጠበቃል፤ ስለዚህ እሱም ፈረመ። ከዚያ ወዲህ ፎቶ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው "ማን አነሣው?" ብዬ ነው።

የከበደኝ ባለፈው ዓመት ያረፉት አባት ጉዳይ ነው። መብቱ በሕይወት ዘመንና ከሞት በኋላ 50 ዓመት ስለሚቆይ ወራሾቻቸው ዘንድ መሄድ ነበረብኝ። የመጀመሪያ ልጃቸው በር ላይ ቆማ ሰማችኝና "አባዬ ዳቦ ይጋግር ነበር እንዴ?" አለች። ስልኬን ሰጠኋት። ስለ ዳቦ የጻፉትን ረጅሙን መልእክት ቆማ እስከ መጨረሻው አነበበች፤ ከዚያ ግቢ አለችኝ። ወረቀቱን የፈረመችው ከሦስተኛው ቡና በኋላ ነው፤ እህት ወንድሞቿም ተከተሉ።

ሁለት ሰዎች እምቢ አሉ፣ ዘጠኙን ላገኛቸው አልቻልኩም። አሥራ አንዱንም አወጣኋቸው። አንዱ እስካሁን ይቆጨኛል፤ ስለ ገብስ ዳቦ የተጻፈ ነው፣ እንደሱ አጥርቶ የጻፈ አላየሁም።

የቀሩት 33 ማተሚያ ቤት ገቡ። ገጹን የሚያቀናጀው ልጅ ድፎው ላይ ሲደርስ ደወለ።

"እዚህ ጋ ሰዓቱን ረስታችሁታል፤ ስንት ደቂቃ ልበል?"

"ምንም አትበል፤ እንዳለ ተወው" አልኩት።