8 ሰዓት አልኳቸው

ይቺን ነገር ከቢሮ ሰዎች ውጪ ለማንም አውርቼ አላውቅም። ታሳፍረኛለች። ግን ወላጆቻቸውን ከአገር ቤት ያመጡ ጓደኞቼ እየበዙ ሲሄዱ መጻፍ አለብኝ አልኩ።

የምሠራው ሜሪላንድ ነው፣ ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ አረጋውያንን የሚያግዝ አንድ ቢሮ ውስጥ። ሥራዬ ስልክ ማንሳትና ፎርም መሙላት ነው። ወደ ሐኪም የሚወስድ መኪና እይዛለሁ፣ አረጋውያን ቀን የሚውሉበት ደይኬር አፈላልጋለሁ፣ ምሳ ፕሮግራም አስመዘግባለሁ። ስለ ምሳው እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፦ ከ1965 ጀምሮ ባለ የፌዴራል ሕግ የሚሠራ ነው፤ 60 ዓመት የሞላው ሰው ሄዶ ከሰው ጋር ይበላል፣ ክፍያው በፈቃድ ነው። ልጆቻቸው ሥራ ሲውሉ አራት ግድግዳ እያዩ የሚውሉ ስንት እናቶችና አባቶች አሉ፣ ይሄ መኖሩን የነገራቸው ሰው የለም።

ከሁሉ በላይ ቀኔን የሚበላው ግን ፌስታል ነው። እናቶች ፌስታል ሙሉ ፖስታ ይዘው ይመጣሉ። ውስጡ የፒዛ ማስታወቂያ አለ፣ የስልክ ቢል አለ፣ የሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው መንግሥት የሚሰጠው የጤና መድን) እድሳት ደብዳቤ አለ። ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም እንግሊዝኛ። በኮቪድ ጊዜ ሜዲኬይድ ሳይታደስም ይቀጥል ነበር፤ ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ግን እድሳቱ ተመለሰ፣ ደብዳቤውን ያልመለሰ ሰው ይቋረጥበት ጀመር። በዚያ ዓመት ፋርማሲ ሄደው «ካርድዎ አይሠራም» ተብለው ወደኔ የመጡት ብዙ ናቸው። ደብዳቤው ፌስታሉ ውስጥ ነበር። ከፒዛው ሥር።

ቢሮው ውስጥ አማርኛ የምናገረው እኔ ብቻ ነኝ። «ሀበሻ አለች» ሲባሉ የሰዎቹ ድምፅ ሲለወጥ በስልክ ይሰማኛል። ደስ ይለኝ ነበር። ትንሽም ሳያኮራኝ አልቀረም።

ነገሩ የሆነው በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ነው። አንዲት እናት አሉ፣ ዕድሜያቸው ሰባ ምናምን። ምናምን ያልኩት ወድጄ አይደለም፤ የተወለዱበት ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዳለ ተገልብጦ ወረቀታቸው ላይ ስለገባ፣ በአሜሪካ መንግሥት ዓይን ከራሳቸው በ8 ዓመት ገደማ ይበልጣሉ። ልጃቸው ነው ያመጣቸው። ግሪን ካርድ ይዞ የመጣ አረጋዊ አብዛኛውን ጊዜ ሜዲኬይድ ለማግኘት 5 ዓመት መጠበቅ አለበት፣ እሳቸውም ጠበቁ። እስከዚያ ድረስ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ሸፈናቸው። ካርዱ ሲመጣ ደግሞ የቀዶ ሕክምና ወረፋ። በመጨረሻ ቀን ተቆረጠላቸው፣ እኔም መኪናውን ያዝኩ። ሜዲኬይድ ያለው ሰው ወደ ሐኪም የሚሄድበት መኪና ከሌለው መጓጓዣ የማግኘት መብት አለው፣ ቀደም ብሎ መያዝ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ከቀጠሮው በፊት ባለው ቀን አመሻሽ ላይ ደወልኩላቸው። ሌሎች ሁለት መስመሮች እየጠሩ ነው። ኮቴ ትከሻዬ ላይ ነው።

«እማማ እንደምን ዋሉ? ነገ መኪናው 8 ሰዓት ላይ በርዎ ድረስ ይመጣል። ከዛሬ እኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም እንዳይቀምሱ።»

«እሺ ልጄ።»

«ገባዎት አይደል?»

«ገብቶኛል ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

አንድ ደቂቃም አልፈጀ።

በማግስቱ ጠዋት ከመኪናው ድርጅት መልእክት መጣ። ሾፌሩ በር ላይ ደርሶ 5 ደቂቃ ጠብቋል፣ ማንም አልወጣም፣ ሄዷል። ስልካቸው ላይ ደወልኩ፣ ይጠራል፣ አይነሳም። (በኋላ እንደሰማሁት ጠዋት ዳዊት ሲደግሙ ስልኩን ማድ ቤት ነው የሚተዉት።) እንቅልፍ ጥሏቸው ይሆናል ብዬ ሐኪም ቤቱ ጋ ደውዬ ቀጠሮውን ሰረዝኩ። ፋይላቸው ላይም «አልተገኙም» ብዬ ጻፍኩ። እንዲህ ያለ ነገር ሲደጋገም አገልግሎቱን ሊያስቆም እንደሚችል እያወቅኩ ነው የጻፍኩት። ከዚያ ወደ ሌላ ሥራ ዞርኩ፣ ምሳዬንም በላሁ።

ከምሳ በኋላ ስልኬ ጮኸ። የሚኖሩበት የአረጋውያን አፓርታማ ጥበቃ ነው፣ ሀበሻ ነው እሱም።

«እናትሽ ናቸው እንዴ? እጃቸው ላይ ያንቺ ቁጥር ያለበት ካርድ አለ። ሎቢ ተቀምጠዋል፣ ያልባቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ጁስ ብሰጣቸው እምቢ አሉኝ።»

ስኳር አለባቸው። የስኳር ኪኒናቸውን ደግሞ ጠዋት እንደ ወትሮው ውጠዋል፤ ኪኒና ምግብ አይደለማ። በዚያ ቀን ስለ ኪኒናው ምን ማድረግ እንዳለባቸው የሚናገር ወረቀት ከሐኪም ቤት ተሰጥቷቸው ነበር። በእንግሊዝኛ። ፍሪጃቸው ላይ ተለጥፏል። እኔም አላነበብኩላቸውም።

911 ደውል፣ ስልኩን ለሳቸው ስጣቸው አልኩት።

«እማማ፣ ጁሱን ይጠጡ።»

«አንቺ ልጅ፣ ምንም አትቅመሽ አላልሽኝም?»

«ቀርቷል እማማ። መኪናው መጥቶ ሄዷል። በማርያም ይጠጡልኝ።»

ዝም አሉ። ቀጥለው እኔን ለማረጋጋት በሚመስል ድምፅ፦

«ኧረ ገና ነው ልጄ። ለ8 ሩብ ጉዳይ ነው እኮ።»

ኮምፒውተሬን ቀና ብዬ አየሁት። 1:45 ይላል።

ወንበሬ ላይ ደረቅኩ። እኝህ ሴት ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል ውሃ ሳይቀምሱ፣ ነጠላቸውን ለብሰው፣ መታወቂያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ እኔ በነገርኳቸው ሰዓት፣ እንዲያውም ግማሽ ሰዓት ቀድመው፣ ወርደው ቁጭ ብለዋል። እኔ ጠዋት «አልተገኙም» ብዬ የጻፍኩባቸው ሴትዮ።

አምቡላንሱ ሲደርስ ስኳራቸው ወርዶ 61 ነበር። ጁሱን ጠጥተው፣ ዳቦ በልተው ተመለሰላቸው፣ ሆስፒታል መሄድ ሳያስፈልጋቸው ቀረ። እግዚአብሔር ይመስገን ከማለት ሌላ ምን እላለሁ።

አሁን «እንዴት ሀበሻ ሆና ይሄ ይጠፋታል?» የምትሉ አላችሁ። አልጠፋኝም እኮ። እናቴ ጋ አዲስ አበባ ስደውል «ጠዋት 2 ሰዓት» ነው የምለው፣ ሳላስበው። ጓደኞቼን ደግሞ «9 ሰዓት እንገናኝ» እላቸዋለሁ፣ በፈረንጅ መሆኑ ይገባቸዋል፤ ያልገባው «በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» ብሎ ይጠይቃል፣ አለቀ። ምላሴ እንደሰዉ ይገለበጣል። የዚያን ቀን ግን ሰው አልነበረም ፊቴ ያለው፣ ስክሪን ነው። ስክሪኑ 8:00 ይላል፣ እኔ በአማርኛ አነበብኩት። እንግሊዝኛ ነበር የተናገርኩት፣ ቃሉ ብቻ ነው አማርኛ የነበረው።

እስካሁን የሚከነክነኝ ደግሞ ሌላ ነው። አማርኛ የማይችል ባልደረባዬ ቢደውልላቸው ኖሮ በስልክ አስተርጓሚ ያስገባ ነበር። አስተርጓሚው ደግሞ ሥራው ነው፣ 8 ኤኤም ሲባል «ጠዋት 2 ሰዓት» ይላል። የማያውቃቸው ሰው ከኔ በተሻለ ያደርሳቸው ነበር። እኔ ስላለሁ ማንም አላጣራም፣ ራሴም ጭምር። ልጃቸው ማታ ሲደውልልኝ አልተቆጣም፣ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ኡበር ሲነዳ ውሎ ነው፣ ድምፁ ደክሟል። «እኛ እኮ አንቺ አለሽ ብለን ነው እኔ ልውሰዳት ያላልኩት» አለኝ።

እና «ገባዎት?» ብዬ መጠየቄስ? እስቲ የትኛዋ የኛ እናት ናት ቢሮ ያለ ሰው «ገባሽ?» ሲላት «አልገባኝም» የምትል? እሺ ማለት ሰማሁሽ ነው፣ አከበርኩሽ ነው፣ አላስቸግርሽ ነው። ይሄን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ አያቴ ለሐኪም እንደዚያ ነበረች፣ እሺ እሺ ብላ ወጥታ በር ላይ «ምን አለ?» ብላ ትጠይቀናለች።

በማግስቱ ፋይሉን አስተካከልኩ፣ ሰዓቱ በትክክል እንዳልተነገራቸውና ስህተቱ የኔ እንደሆነ ጻፍኩ። አለቃዬ ጠራችኝ። ሰዓታችን ከነሱ ጋር 6 ሰዓት እንደሚለያይ ሳስረዳት አገር ቤት ካለው የሰዓት ልዩነት ጋር አምታታችው። አይ፣ እዚሁ ሜሪላንድ ቁጭ ብለን ነው አልኳት። ቀኑ ሲነጋ ነው የሚቆጠረው፣ አገራችን ወደ ምድር ወገብ ስለምትጠጋ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ትወጣለች፣ ከዚያ አንድ ብለን እንጀምራለን። አጠገባችን የነበረ ኬንያዊ ባልደረባችን ከት ብሎ ሳቀ። እኛም እኮ እንደዚያ ነን አለ፤ በስዋሂሊ ጠዋት በፈረንጅ 8 ሰዓትን «ሳ ምቢሊ»፣ ሁለተኛው ሰዓት፣ ነው የምንለው። ስንት ዓመት አብረን ስንሠራ አንድም ቀን አንስተነው አናውቅም። ያን ሳምንት እሱም የራሱን ደንበኞች እየደወለ ሲጠይቅ ነበር።

ቅዳሜ ብርቱካን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ነው፣ እሳቸው ግን «እኔ ነኝ በደንብ ያልሰማሁት» እያሉ አላስጠይቅ አሉኝ። ቡና አፈሉ። ዓይኔ ግድግዳው ላይ አረፈ፣ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር የግድግዳ ሰዓት ተሰቅሏል፣ 9 ከ10 ይላል። ማይክሮዌቩ ደግሞ 3:10። «ያኛው የልጄ ነው፣ ይሄኛው የኔ» አሉኝ። ቤቱ ውስጥ ሁለት ሰዓት አለ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። አንድ ጊዜ ቤታቸው ገብቼ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ።

ከዚያ ወዲህ ሰዓቱን በሁለቱም እናገራለሁ፣ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» ሳልል ቁጥር አልጠራም። ገባዎት ብዬ አልጠይቅም፤ «እስቲ ይድገሙልኝ፣ በትክክል መናገሬን እንዳይ» እላለሁ፣ ፈተናው የኔ እንጂ የሳቸው እንዳይመስል። ከሚያውቁት ነገር ጋርም አስረዋለሁ። መጀመሪያ «ፀሐይ ስትወጣ» እል ነበር፣ ይሄም አልሠራም፤ እዚህ ጃንዋሪ ላይ በፈረንጅ 7 ሰዓት ድረስ ጨለማ ነው። ወር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የኛ ልጆች ጃንዋሪን «ጥር» ብለው ይተረጉማሉ። አዲሱ ቀጠሯቸው ጃንዋሪ 22 ነበር፤ ጥር 22 ብላቸው ኖሮ በ9 ቀን ያልፋቸው ነበር። «ከጥምቀት በኋላ ያለው ሰኞ» አልኳቸው። እሱን ማን ይረሳል።

እሁድ ማታ ከቤቴ ደወልኩ። መኪናው ገና ፀሐይ ሳትወጣ እንደሚመጣ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ከሩብ፣ በማይክሮዌቩ 7:15 እንደሆነ ነገርኳቸው። ስለ ኪኒናው ከነርሷ ጋር ተነጋግሬ የተባልኩትንም ነገርኳቸው። ልጃቸውም አብሯቸው ሊያድር መጥቷል። ሁሉንም አንድ በአንድ ደገሙልኝ፣ ዳዊቱንም ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተው እንደሚጨርሱ ጨምረው።

ልዘጋ ስል «ቆይ ቆይ» አሉኝ።

«እስቲ አንቺም ድገሚልኝ።»