እሺ ከባብ እና ሦስት ድሮን

ሙዚቃ እንሞክራለን ብለን የምንሰበሰብ ጓደኛሞች ነን፣ ከምንጫወተው ይልቅ የምናወራው ይበልጣል። አንዱ ክላርኔት ይነፋል፣ አንዷ ቫዮሊን ትጫወታለች፣ እኔ ጊታር አለኝ፣ ደሞ አንድ ጉደኛ ልጅ አለ ከስንቱ መሣሪያ መርጦ መርጦ የስኮትላንዱን ባግፓይፕ (ከረጢት ያለውን የትንፋሽ መሣሪያ) የያዘ። ሰሞኑን ወሬው ሁሉ ከከባብ ስም ተነስቶ እሱ ላይ እያረፈ ነው።

የጀመረው ክላርኔቱ ነው። ከባብ ቤት ብከፍት ለመሸጥ ሳይሆን ስም ለማውጣት ነው አለ። እውነቱን እኮ ነው፣ ስም በማውጣት ከባብ ሻጮችን የሚያክላቸው የለም፣ አየርላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ ከ1982 ጀምሮ አብራከባብራ የሚባል አለ፣ እንግሊዝ ብሪስቶል ውስጥ ደሞ ጄሰን ዶነርቫን የሚባል በመኪና ላይ የሚሸጥ ከባብ አለ፣ በአውስትራሊያዊው ዘፋኝ በጄሰን ዶኖቫን ስም ውስጥ ዶነርን (እየተሽከረከረ የሚጠበሰውን ከባብ) አስገብተው ሙድ ይዘው ነው። ታዲያ እኛስ በአማርኛ ምን ያንሰናል ተባለና ወረደ በቃ። ከባብ ሚዛን። ከባብ አየር (ይሄኛው የሚመች ሳይሆን የሚያፍን ነው የሚመስለው)። ቫዮሊኗ ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆይታ ለሺሽ ከባብ (ብረት ላይ ተሰክቶ ለሚጠበሰው) "እሺ ከባብ" አለች፣ እኔ በበኩሌ ውድድሩ እዛ ጋ ማለቅ ነበረበት ባይ ነኝ፣ ባግፓይፐሩ ግን አልሸነፍም ብሎ "ወዶነር" አለ። ወዶ ነበር ለማለት ነው፣ አሁን ተወው፣ በፊት ግን ዶነር ወዶነር።

የሚገርመው እውነተኞቹ ስሞች ከኛ ፈጠራ አይተናነሱም። ቱርኮች ሁንካር ቤየንዲ የሚሉት ምግብ አላቸው፣ እሱ እንኳን ከባብ አይደለም፣ በተፈጨ ደበርጃን ላይ የሚቀርብ በመረቅ የበሰለ የበግ ሥጋ ነው፣ ስሙ ግን "ሱልጣኑ ወደደው" ማለት ነው። ይኸው ወዶነር አለ ልጁ፣ ከዛ በኋላ ማን ይቻለው። አዳና እና ኡርፋ ደሞ የከተማ ስም ናቸው፣ ሁለቱም የተከተፈ የበግ ሥጋ ሰፋ ያለ ብረት ላይ ተለጥፎ ሲጠበስ ነው፣ ልዩነቱ አዳና ያቃጥላል ኡርፋ ለስለስ ይላል፣ እናም የኡርፋ ሰው ይሄን ሲሰማ ደስ ይለው ይሆን ወይስ ይከፋው ይሆን ብለን ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። ከዛ ኢስከንደር አለ፣ ቡርሳ ከተማ ውስጥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በነበረ ኢስከንደር ኤፈንዲ በሚባል ሰው ስም የሚጠራ፣ ዶነሩ ዳቦ ላይ ተደርጎ የቲማቲም ሶስ፣ የጋለ ቅቤ፣ ከጎኑ እርጎ። በኛ አፍ እስክንድር ነው እኮ። የእስክንድር ከባብ ስትሉት ታሪክ ያለው ሳይሆን ጎረቤት ያለው ልጅ የጠበሰው ነው የሚመስለው።

ለኔ ግን አንደኛ የሚወጡት የህንዷ የላክናው ከተማ ናቸው። እዛ ጋሉቲ የሚባል ከባብ አለ፣ ጥርሱ ላለቀ የአገር ገዢ ተብሎ አፍ ውስጥ እንዲቀልጥ ሆኖ ተሠራ ይባላል። እዛው ላክናው እ.ኤ.አ በ1905 የተከፈተው ቱንዴ ከባቢ ደሞ ስሙን ያገኘው ባለቤቱ አንድ እጁን ያጣ ሰው ስለነበረ ነው፣ ቱንዴ ማለት እሱ ነው፣ ቆራጣው እንደማለት። አንዱ ከባብ ጥርስ በሌለው፣ አንዱ እጅ በሌለው። ቫዮሊኗ "ጆሮ ለሌለው ምን አለ?" ብላ ጠየቀች፣ ሁላችንም ዞረን ባግፓይፐሩን አየነው።

በቃ ከዛ በኋላ ሽንኩርት እንኳን ቢነሳ መንገዱ ወደሱ ነው። በሽንኩርትና በባግፓይፕ መሃል ያለው ልዩነት ምንድነው? ባግፓይፕ ሲከተፍ የሚያለቅስ የለም። ባግፓይፕ ከቅኝት መውጣቱ በምን ይታወቃል? እየተነፋ ከሆነ። ባግፓይፐር እየነፋ የሚራመደው ለምንድነው? ከድምፁ ለመሸሽ፣ ሌላ መልስም አለው፣ የሚንቀሳቀስ ሰው አልሞ ለመምታት ስለሚያስቸግር። ልጁ አይቆጣም፣ እንደውም ግማሹን ቀልድ ያስተማረን እሱ ነው፣ ሲነግረን ደሞ አንዳንዱን እንደ ቴክኒክ ትምህርት ነው የሚያብራራው።

ለምሳሌ ባግፓይፕ ዝም ማለት አይችልም። ሰውየው እስትንፋሱን ሲወስድ ከረጢቱን በክንዱ ይጫነዋል፣ አየሩ አይቋረጥም፣ ድምፁም አይቋረጥም። ቀስ ማለትም የለም፣ ወይ ይጮሃል ወይ ጠፍቷል። ጣት የሚንቀሳቀስበት ቻንተር የሚሉት ቱቦ ዘጠኝ ኖታ ብቻ ነው ያለው፣ አንዱን ኖታ ሁለቴ መድገም ከፈለገ አየሩን ማቆም ስለማይችል በመሃል ሌላ ፈጣን ኖታ ሸርተት አድርጎ ነው የሚለያቸው፣ ያ የሚንጫጫው ነገር ጌጥ ብቻ ሳይሆን ግዴታ ነው ለካ። ከዛ በላይ ትከሻው ላይ አንድ ድምፅ ይዘው የሚቀሩ ሦስት ድሮኖች አሉ (የሚበረው አይደለም፣ መጀመሪያ "ሦስት ድሮን አለኝ" ሲለን ግን ሁላችንም ቀና ብለን ሰማይ አየን)። ቻንተሩም ድሮኖቹም፣ አራቱም ላይ ሪድ (በአየር እየተንቀጠቀጠ ድምፅ የሚያወጣ ስስ ምላስ) አለ፣ ትንፋሽ ባረጠባቸው ቁጥር ቅኝቱ ይሸሻል። ስለዚህ የቅኝቱ ቀልድ ቀልድ ብቻ አይደለም።

የመመታቱም እንደዛው። እ.ኤ.አ በ1746 ከአማፂ ጦር ጋር የተያዘ ጄምስ ሪድ የሚባል ባግፓይፐር እንግሊዝ ዮርክ ከተማ ውስጥ ተሰቅሏል፣ መሣሪያ አልያዝኩም ባግፓይፕ ብቻ ነው የነፋሁት ቢል ፍርድ ቤቱ የሃይላንድ (የስኮትላንድ ደጋ) ጦር ያለ ባግፓይፕ አይዘምትም ስለዚህ እሱም የጦር መሣሪያ ነው አለው። ይሄ እንኳን አያስቅም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በጁን 6 1944 ፈረንሳይ ኖርማንዲ ባህር ዳርቻ ላይ ባግፓይፕ እየነፋ የተራመደው ቢል ሚሊን ግን በሕይወት ወጣ፣ በኋላ የተማረኩ ጀርመኖች ያልተኮስንብህ ያበድክ መስሎን ነው እንዳሉት ራሱ ተናግሯል። ባግፓይፐራችን ይሄን ታሪክ በጣም ይወደዋል፣ ክላርኔት እየነፋ በጥይት መሃል ያለፈ አንድ ሰው ጥሩልኝ ይላል፣ ክላርኔቱም ዝም።

ከባቡና ባግፓይፑ የሚገናኙበት ቦታ ደሞ በእውነት አለ፣ ቱርክ ጥቁር ባህር ዳር፣ ሪዜና አርትቪን አካባቢ ቱሉም የሚባል ባግፓይፕ ይነፋሉ፣ ከፍየል ቆዳ የተሠራ ስልቻ ነው፣ ድሮን የለውም፣ ጎን ለጎን የታሰሩ ሁለት ቱቦዎች ብቻ። ክላርኔቱ ይሄን ሲሰማ "ድሮን የሌለው ካለ አንተ ለምን ሦስት ተሸከምክ?" አለው። ቫዮሊኗ ደሞ ሥጋው ወደ ከባብ ቆዳው ወደ ሙዚቃ ከሄደ ፍየሉ የቱን ይመርጥ ነበር አለች፣ ባግፓይፐሩ "ሙዚቃውን"፣ ሌሎቻችን ባንድ ድምፅ "ከባቡን"።

የመኪናውን ቀልድ ያመጣው ግን ራሱ ነው። አንዱ ባግፓይፑን መኪና ውስጥ ረስቶ በሩን ሳይቆልፍ ይሄዳል፣ ትዝ ሲለው እየሮጠ ሲመለስ መስኮቱ ተሰብሯል፣ የኋላ ወንበር ላይ ሁለት ባግፓይፕ ተቀምጧል። ክላርኔቱ ወዲያው "በሩ ካልተቆለፈ መስኮቱን ለምን ሰበሩት?" ብሎ ያዘው፣ ልጁም "ቸኩለው ነዋ፣ ባለቤቱ ሳይመጣ ጥለው ሊያመልጡ" አለ።