በጥይቱና በቢላዋው መካከል ያለችው ግማሽ ሰዓት

በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት ውስጥ የአጋዘን አደን በጠመንጃ የሚከፈተው በፈረንጆቹ ኖቬምበር 6 አቅራቢያ በሚውለው ቅዳሜ፣ በእኛ አቆጣጠር ደግሞ ጥቅምት ሊጠናቀቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ዘንድሮ ከአዳኞቹ መካከል እኔም እገኛለሁ። ይህን የምጽፈው ግን ከዚያ ብርድ እጅግ ርቄ፣ ለእረፍት በመጣሁበት በባሕር ዳር፣ ክረምቱን ሙሉ ሲጠጣ የከረመው ጣና ደንገሉን አልፎ ወደ ዳር በተጠጋበት ወቅት ሲሆን፣ ዘመድ ጥየቃው መሐል እንኳን ሐሳቤን የሚሰርቀው ገና ያልተኮስኩት ጥይት ነው።

ደም አይቼ የምደነግጥ ሰው አይደለሁም። በግና ዶሮ ሲባረክ እያየሁ፣ በኋላም ራሴ እየባረክሁ ያደግሁ ነኝ። ነገር ግን በግ የሚባረከው በሰው መሐል ነው፤ አንዱ እግሩን ይይዛል፣ አንዱ ውኃ ያቀብላል፣ ቢላዋ የያዘው ሰው በስመ አብ ብሎ ይጀምራል፣ ልጆች ከአጥሩ ሥር ሆነው ይመለከታሉ፣ ሴቶች ለጉበቱ ትሪ ይዘው ይጠብቃሉ። ነፍስ የማጥፋቱ ክብደት ለግቢው ሁሉ ይከፋፈላል ማለት ነው። እኔ የምሄድበት አደን የዚህ ተቃራኒ ነው። ገና ሳይነጋ በጨለማ ጫካ ገብቼ፣ ዛፍ ላይ በተሠራ ማማ ተቀምጬ፣ እንዳልወድቅ ወገቤንና ትከሻዬን ከግንዱ ጋር በቀበቶ ታስሬ፣ ድምፅ ሳላሰማ ብቻዬን እጠብቃለሁ። የአገሬ ገበሬ ማማ ላይ የሚወጣው ጦጣና ወፍ ጮሆ ለማባረር ነው፤ እኔ የምወጣው እንስሳው እንዳይሸሽ ትንፋሼን ለመዋጥ ነው።

የጋበዘኝ በዕድሜ የሚበልጠኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ቤተሰቡ ከሚኒያፖሊስ በስተሰሜን መሬት ስላላቸው ከልጅነቱ ጀምሮ በየዓመቱ እዚያው ያድናል። እሺ ከማለቴ በፊት ግን ትምህርት ነበረብኝ፤ በግዛቲቱ ሕግ በፈረንጆቹ ከ1979 በኋላ የተወለደ ሰው በመደበኛው አሠራር የጠመንጃ ደህንነት የምስክር ወረቀት ሳይዝ የአደን ፈቃድ አያገኝም። ማንኛውንም ጠመንጃ ጥይት እንደጎረሰ ቁጠረው፣ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙር፣ ዒላማህን ብቻ ሳይሆን ከዒላማህ ጀርባ ያለውን እወቅ፣ ለመተኮስ ሳትወስን ጣትህን ቃታው ላይ አታሳርፍ። እነዚህን ሕጎች ማንም በቃሉ ሊይዛቸው ይችላል፤ የተግባር ልምምዱ ላይ ግን አጥር ለመሻገር ጠመንጃውን አራግፌ፣ አስቀድሜ በአጥሩ ሥር አሳልፌ፣ ከዚያ ራሴ ስሻገር እጄ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። ቀጥሎ የመጣው የዒላማ ልምምድ ነው። ባልደረባዬ ተራ የወረቀት ሳህን ሰቀለልኝና፣ የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ስፍራ ከዚህ ብዙም አይበልጥም፤ ከምትተኩስበት ርቀት ጥይቶችህን በሙሉ እዚህ ሳህን ውስጥ ማሳረፍ ካልቻልህ ከዚያ ርቀት አትተኩስ አለኝ። ሳህኑ አይንቀሳቀስም፣ አይተነፍስም፣ ቀና ብሎም አያይም፤ እንዲያም ሆኖ የመጀመሪያዋ ጥይቴ ጠርዙን ነበር የላጠችው።

ጉጉቱን መደበቅ ደግሞ አልችልም። ስለ አጋዘን አፍንጫ ያወቅሁት ነገር ብቻ ለሳምንታት አዝናንቶኛል። እንስሳው ብርቱካናማን ከአረንጓዴ አጥርቶ መለየት ስለማይችል፣ አዳኙ በሕግ እንዲለብስ የሚገደደው ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ኮፍያና ሰደርያ ሌሎች አዳኞች እንዲያዩት እንጂ አጋዘኑን ለማስደንገጥ አይበቃም። ሽታ ግን ሌላ ነው። ነፋስ ከአዳኙ ወደ እንስሳው ከነፈሰ ነገሩ አለቀ። ስለዚህ ልብስህን ሽታ በሌለው ሳሙና እጠብ፣ ውጭ አስጣ፣ ከኩሽና አርቀህ አስቀምጥ ተባልሁ። እንግዲህ ቅዳሜና እሑድ ቁሌት በሚቁላላበት፣ ቡና ተቆልቶ ዕጣን በሚጨስበት የአበሻ አፓርታማ ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይገምት። ልብሴን በላስቲክ ጠቅልዬ የባልደረባዬ ጋራዥ ውስጥ ከማስቀመጥ ሌላ መላ አላገኘሁለትም።

ባሕር ዳር መጥቼ ይህን ሁሉ ሳወራ ያልጠበቅሁት ፊት የገጠመኝ ከአክስቴ ነው። የጠመንጃ ወሬ በዚህ ከተማ ቀልድ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ክልሉን ባናወጠው ጦርነት ባሕር ዳርም ተኩስ ሰምታለች፤ አክስቴም መስኮቱን በፍራሽ ጋርዳ ልጆቹን ኮሪደር ላይ አስተኝታ ያደረችበትን ሌሊት ትናንት እንደሆነ አድርጋ ነው የምታወራው። ማማውን፣ ጥይቱንና ፈቃዱን በጉጉት ስዘረዝርላት ዝም ብላ ስትሰማኝ ቆየችና፣ «እኛ ድምፁን እንዳንሰማ እንጸልያለን፣ አንተ ደግሞ ገንዘብ ከፍለህ ልትተኩስ ትሄዳለህ» አለችኝ። እዚያ ያለው ልማድ እንደዚህ ነው፣ የፈቃዱ ክፍያ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ይውላል፣ አጋዘኑ ከመብዛቱ የተነሣ መኪና እየገጨው መንገድ ላይ ይሞታል ብዬ አስረዳኋት። የነገርኋት ሁሉ እውነት ነው፤ ለእርሷ ግን መልስ አልሆነም፤ እኔም ከዚያ ወዲያ በእርሷ ፊት ስለ ጠመንጃው ማውራቱን ትቻለሁ።

አጎቴ በአንጻሩ ጉዳዩን ከአደኑ በኩል ነው የያዙት። አባታቸው፣ ማለትም አያቴ፣ በጭስ ዓባይ ግድም ምንሽር ይዘው ድኩላና ሚዳቋ ያድኑ ነበር፤ ዛሬ በዱር እንስሳት ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ ቢያደርጉት የሚያስጠይቃቸው ሥራ ነው። ማታ ማታ አጎቴን ይዤ በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ወደተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ስንሄድ ስለዚያ እንስሳ ያልጠየቁኝ ነገር የለም። የወንዱ አጋዘን ቀንድ በየዓመቱ በፈረንጆቹ የብርድ ክረምት ወድቆ በጸደያቸው እንደ አዲስ እንደሚበቅል ስነግራቸው ቆም ብለው፣ «ሙሉ ቀንድ? ከነሥሩ?» አሉ። የእኛዎቹ ድኩላና ሚዳቋ አንዴ ያበቀሉትን ቀንድ እስኪሞቱ ይዘውት ይኖራሉና ግርምታቸው አልበዛብኝም። እኔም ፎቶ ግራፍ አውጥቼ አሳየኋቸው። እርሳቸው ግን ፎቶውን መልሰው ሰጥተውኝ ሌላ ጥያቄ አመጡ፤ «መቼ ነው የምታርደው?»

ፍርሃቴ ሁሉ የተሰበሰበው እዚህች ጥያቄ ላይ መሆኑን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። የተማርሁት እንዲህ ነው፤ አጋዘኑ ጎኑን ሰጥቶ ሲቆም ከፊት እግሩ ጀርባ፣ ከደረቱ የታችኛው ሲሶ ከፍ ብሎ ይተኮሳል። ጥይቱ ልብና ሳንባ ቢመታም እንስሳው ብዙ ጊዜ እዚያው አይወድቅም፤ ይሮጣል። አዳኙ ደግሞ ተከትሎት አይሮጥም። ግማሽ ሰዓት ያህል ማማው ላይ ይቆያል፤ ምክንያቱም ቁስለኛው ካልተባረረ በአቅራቢያው ተኝቶ በቶሎ ይሞታል፣ ከተባረረ ግን በመጨረሻ ጉልበቱ ርቆ ሄዶ ሊጠፋ ይችላል። ከዚያ ወርዶ ደሙን ያነባል፤ ደማቅና አረፋ ያለው ከሆነ ሳንባ ነው፣ ጠቆር ያለ ከሆነ ጉበት ሊሆን ይችላል፣ አረንጓዴ ነገርና ፈርስ የሚሸት ከሆነ አንጀት ነው። አንጀት ከሆነ ደግሞ ግማሽ ሰዓት አይበቃም፤ ለብዙ ሰዓታት መጠበቅ አለበት፣ እንስሳውም እነዚያን ሰዓታት በሕይወት ሊያሳልፋቸው ይችላል። እንቅልፍ የሚነሣኝ ይኸኛው ነው። መሳት አያስፈራኝም፤ የሳተ ጥይት አፈር ውስጥ ይገባል፣ አጋዘኑም ወደ ቤቱ ይሄዳል። የሚያስፈራኝ ግማሽ መምታት ነው።

ለአጎቴ ግን ችግሩ ከዚህም የጠለቀ ነበር። እርሳቸው የቤተ ክህነት ትምህርት የቀሰሙ ሰው ናቸው። ዋላና ሚዳቋ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 ከንጹሓኑ እንስሳት ጋር ስለተቆጠሩ በእንስሳው በኩል ጥያቄ አልነበራቸውም። ነገር ግን በስመ ሥላሴ ሳይታረድ፣ ነፍሱ በራሱ ጊዜ ከወጣች በኋላ የተገኘ ሥጋ ለእርሳቸው በክት ነው። አባታቸው ድኩላውን ተኩሰው እንደጣሉ ቢላዋ መዝዘው ይሮጡ እንደነበር፣ ነፍሱ ሳትወጣ ለመድረስ አንድ ጊዜ ገደል ለገደል ሲወርዱ እግራቸው እንደተሰበረ አጫወቱኝ። እንግዲህ የእኔ አስተማሪ ተቀመጥ ይለኛል፣ የአጎቴ ሥርዓት ሩጥ ይለኛል። ለእንስሳው የሚሻለው መጠበቁ ነው፤ ለገበታው የሚሻለው መድረሱ። አጎቴ ይህን ሲሰሙ አልተቆጡም፣ ለመልስም አልቸኮሉም፤ ወደ ቤት እስክንመለስ ድረስ ስለ ሌላ ነገር አላወራንም።

በማግሥቱ ጠዋት ወደብ አካባቢ ከአንድ የነገደ ወይጦ ሽማግሌ ጋር ተቀምጬ ነበር። ደንገል እያጠበቁ ታንኳ ይሠራሉ፤ በጥርሳቸው የገመዱን ጫፍ ይዘው በሁለት እጃቸው ሲስቡ የክንዳቸው ጅማት ይቆማል። ወይጦዎች የጣናን ጉማሬ በማደን የታወቁ ነበሩ፤ ሥጋውን ትበላላችሁ እየተባሉም በጎረቤቶቻቸው ለዘመናት ተገልለዋል፤ እኔም ልጅ ሳለሁ ስለ እነርሱ የሚባለውን ክፉ ነገር እየሰማሁ ማደጌን ሳስበው ያሳፍረኛል። ሽማግሌው ራሳቸው ጉማሬ አላደኑም፤ ከአያታቸው የሰሙትን ነው ያጫወቱኝ። ጉማሬ በጦር የወጋ ሰው በደንገል ታንኳ ላይ ሆኖ ከቆሰለው አውሬ ጋር አንድ ውኃ ላይ ነው ያለው፤ አውሬው ከታች ብቅ ቢል ታንኳዋም ሰውየውም የሉም። «ታዲያ አይፈሩም ነበር?» አልኋቸው። «ያልፈራ ሰው አብሯቸው አይሄድም፤ ሌላውን ያስጨርሳላ» አሉኝ፣ ገመዱን ከጥርሳቸው ሳያላቅቁ። የእኔ አጋዘን ማንንም አይገለብጥም። ቢሆንም ይህ አባባል ባልደረባዬ ከነገረኝ ጋር ገጠመልኝ፤ ዕድሜ ልኩን ያደነ ሰው ሆኖ፣ አጋዘን ከጫካው ብቅ ሲል አሁንም ጉልበቱ እንደሚንቀጠቀጥ፣ መንቀጥቀጡ የቀረ ዕለት ጠመንጃውን ለልጁ እንደሚሰጥ አጫውቶኝ ነበር።

ስለ ሥጋው የሚጠይቁኝ የአክስቴ ልጆች ናቸው። የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ጥሬው ይጣፍጥ እንደሆነ ነው፤ ጎጃም ነንና አልፈርድባቸውም። የዱር እንስሳ ሥጋ ጥገኛ ተውሳክ ሊኖረው ስለሚችል በደንብ መብሰል አለበት። ከዚህም በላይ በአሜሪካ አጋዘኖች ዘንድ አንጎል የሚያመነምን፣ ከእብድ ላም በሽታ ጋር የሚዛመድ ደዌ ገብቷል፤ ወደ ሰው እንደሚተላለፍ ባይረጋገጥም የጤና ባለሥልጣናት በምርመራ የተገኘበትን እንስሳ እንዳንበላ ይመክራሉ፤ ስለዚህ ከአንገቱ ዕጢ ናሙና አስወስጄ ውጤቱን እጠብቃለሁ። ሥጋው ስብ ስለሌለው ለቋንጣ ምቹ ነው፣ ለጥብስ ግን ቅቤ ይፈልጋል። ጊዜውም ጠባብ ነው። አደኑ የሚከፈተው ጾመ ጽጌ ሳይፈታ ነው፤ እርሱ የፈቃድ ጾም ቢሆንም አክስቴ ስለማትገድፈው እኔም እዚያ ሆኜ እጾመዋለሁ። ጽጌ ኅዳር 5 ካበቃ በኋላ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። በሁለቱ መሐል ካልደረሰ ፍሪዘር ውስጥ እስከ ገና መክረሙ ነው።

አጎቴ መልሳቸውን የሰጡኝ ዘግይተው፣ ኦሪቱን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ነው። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 17፣ የሚበላ አውሬ ወይም ወፍ ያደነ ሰው ደሙን አፍስሶ በአፈር ይክደን የሚለውን ቁጥር አነበቡልኝ። «አዳኝ በመጽሐፍም አለ ማለት ነው» አሉ። ከዚያ እንደ ዳኛ ፈረዱ። የሥላሴን ስም ቃታውን ከመሳቤ በፊት ልጥራ፤ እዚያው ከወደቀ ወርጄ በቢላዋ ልጨርስ፤ ከሮጠ የባልደረባዬን ምክር ልስማ፣ እንስሳን ማሠቃየት ሥርዓት አይደለምና። ነፍሱ ወጥታ ካገኘሁት ግን ደሙን አፍስሼ አፈር አልብሼ፣ ከመብላቴ በፊት ለንስሐ አባቴ ልንገር፤ እርሳቸው አትብላ ካሉኝ ሥጋውን ለባልደረባዬ ልስጥ። ይህ የአጎቴ የግል ፍርድ ነው፤ ሌላ ካህን ሌላ ሊል ይችላል።

እኔም በበኩሌ ሦስት ነገር ቆርጫለሁ፤ ሳህኑን ከምመታበት ርቀት አልፌ አልተኩስም፣ በሩጫ ላይ ባለ እንስሳ አልተኩስም፣ ሕጉ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግማሽ ሰዓት ቢፈቅድልኝም ደም መከተል በማልችልበት ጭላንጭል ቃታ አልስብም። በዚህ ሁሉ ምክንያት ፈቃዴን እንደያዝሁ ባዶ እጄን ልመለስ እንደምችል ለአጎቴ ነግሬያቸው ተስማምተዋል። አክስቴ ባዶ እጄን ብመለስ ደስታዋ ነው።