በፖስታ ጀርባ ላይ የተሳለ ሰፈር

ትናንት እማማ ተወልደው ያደጉባትን መንገድ በመብራት ሂሳብ ፖስታ ጀርባ ላይ ሳሉልኝ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ መስመሩም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ቤት ግን አልዘለሉም። «ይሄ የእኛ ነው። ቀጥሎ የከሰል ነጋዴው። ከሱ ቀጥሎ ባሏ የሞተባት ሴትዮ፣ ኳስ ግቢዋ ከገባ የማትመልሰው።» አሥራ አራት በር ቆጠሩልኝ። ጠዋት ቁርስ ምን እንደበሉ ስጠይቃቸው ግን አላስታወሱም።

ዕድሜያቸው 93 ነው። እኔ ባዝ ከተማ፣ ምዕራብ እንግሊዝ ውስጥ፣ በየቤቱ እየዞርኩ አረጋውያንን የምንከባከብ ኬረር ነኝ። እማማ «በስሜ ጥሪኝ» ይሉኝ ነበር። እዚህ አገር ነውር አይደለም። እኔ ግን ሞክሬው ምላሴ እምቢ አለኝ። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ በአፌ «ዩ» እላለሁ፣ በሆዴ «እርስዎ»። አንድ ቀን «እማማ» የሚለው አመለጠኝ። ትርጉሙን ስነግራቸው ሳቁና «እሱ ይሻላል» አሉ።

መሥሪያ ቤቴ ለአንድ ቤት የሚሰጠኝ 30 ደቂቃ ነው። ልብስ፣ መድኃኒት፣ ምሳ፣ ደህና ይዋሉ። ጨዋታ የሚባል ነገር ፕሮግራሙ ላይ የለም። ስለዚህ ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራ በኋላ ቡና በፔርሙዝ ይዤ እሄዳለሁ፤ እንደ ጎረቤት።

ሐበሻ ባዝ ሲመጣ የሚሄደው አንድ ቤት ነው፤ ፌርፊልድ ሐውስ። ጣሊያን አዲስ አበባ በገባበት በ1936 ጃንሆይ ተሰደው መጥተው፣ ይህን ቤት ገዝተው እስከ 1940 ኖሩበት። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። የእኛን አቆጣጠር እዚህ የማወጣው ለበዓል ብቻ ነው።) የሕይወት ታሪካቸውን የመጀመሪያ ክፍል ያስጻፉትም እዚሁ ነው። በ1958 ቤቱን ለአረጋውያን መገልገያ ይሁን ብለው ለከተማዋ ሰጡ። እኔም መጀመሪያ የመጣሁት ከለንደን፣ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር በአውቶቡስ ነው። በሩ ላይ ፎቶ ተነሳን፣ ዳቦ ቆረስን፣ ተመለስን። ከተማዋን አላየናትም።

እማማን እንደተዋወቅኋቸው የጠየቅኋቸውም ስለ ጃንሆይ ነው። አይተዋቸው ያውቃሉ? «አንድ ጊዜ» አሉ። እኔ ደግሞ ጓጓሁ። እሁድ ቀን ነው፤ ከአባታቸው ጋር በእግር እየሄዱ። ቀጠን ያሉ፣ ጺማም፣ ካባ የደረቡ ሰው በአጠገባቸው አለፉ። አባትየው ቆቡን አነሳ። ሰውየውም ባርኔጣቸውን አነሱ። በቃ፣ ይኸው ነው። «አባቴ ለአለቃው እንኳ ቆቡን አያነሳም ነበር። የማስታውሰው እሱን ነው» አሉኝ። በየት በኩል ቢዞር ሌላ ነገር አልወጣም። እኔ ስለ ንጉሥ እጠይቃለሁ፣ እሳቸው ስለ አባታቸው ይመልሳሉ። ከዚያ ወዲያ ስለ ጃንሆይ መጠየቅ ተውኩ።

ባዝን ዓለም የሚያውቃት በማር መልክ ድንጋይዋ ነው። ፀሐይ ሲያርፍበት እውነትም ያምራል። እማማ ልጅ ሳሉ ግን ድንጋዩ ጥቁር ነበር። «ሲፈጠርም ጥቁር ይመስለኝ ነበር» ይላሉ። ጭሱ ነው። በየቤቱ ምድጃ፣ በየባቡሩ ሆድ ውስጥ ከሰል ይነዳል። (የእኛን የእንጨት ከሰል እንዳታስቡ፤ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣው ነው።) ከሩቅም አይመጣም ነበር። ከባዝ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ራድስቶክ አካባቢ፣ የከሰል ጉድጓዶች ነበሩ፤ የመጨረሻዎቹ የተዘጉት በ1973 ነው። እናታቸው ሰኞ ልብስ አጥበው ከማስጣታቸው በፊት ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ያዩ ነበር። ከባቡሩ መስመር በኩል ከሆነ ልፋታቸው ከንቱ ነው። ሕንጻዎቹ የታጠቡት ከጦርነቱ በኋላ፣ ቀስ በቀስ ነው። ያኔ እማማ ደስ አላላቸውም። «ከተማዋ ልብሷን ያወለቀች መሰለኝ።»

ሰኞ ልብስ፣ ዓርብ ገላ። ምድጃው ፊት የቆርቆሮ ገንዳ ይቀመጣል። ውሃው አንድ፣ ሰዉ አምስት። አባት ይጀምራሉ፣ እማማ የመጨረሻ ልጅ ስለሆኑ መጨረሻ ይገባሉ። እኔም በሳፋ ያደግኩ ነኝ፤ ይሄ አልገረመኝም። የገረመኝ ሌላ ነው። ከቤታቸው ብዙ ሳይርቅ 46 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ከመሬት ይፈልቃል፤ በቀን ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ። ሮማውያን ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት መታጠቢያ የሠሩበት ነው። የከተማዋ ስም ራሱ «መታጠቢያ» ማለት ነው። እነሱ በቆርቆሮ! «ያ ለበሽተኛና ለሀብታም ነበር» አሉ፣ ምንም ሳይመስላቸው። እኔ ፍልውሃ ትዝ አለኝ። እናቴ ቅዳሜ ፎጣና ሳሙና በዘንቢል አሲዛን ትወስደን ነበር። ወረፋው ያሰለቻል፣ ግን ተራችን ሲደርስ እንገባለን።

የቦምቡን ነገር ያወሩኝ ብዙ ቆይተው ነው። ኤፕሪል 25 ቀን 1942፣ ቅዳሜ ሌሊት። ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ባዝ ውስጥ ይህ ነው የሚባል የጦር ፋብሪካ የለም ብሎ ሰው ተዘናግቶ ነበር። እንግሊዞች በመጋቢት ሉቤክ የምትባለውን የጀርመን ጥንታዊ ከተማ በቦምብ አቃጥለው ነበር፤ ሂትለር ብድሩን የመለሰው በእንግሊዝ ውብ ከተሞች ላይ ነው። ኤክሰተር፣ ባዝ፣ ኖሪች፣ ዮርክ። ጥቃቱም በጀርመኖቹ የቱሪስት መመሪያ ስም «ቤዴከር» ተባለ። ባዝ ላይ በሁለት ሌሊት ሦስት ጊዜ መጡ። ከ400 ሰው በላይ ሞተ።

ይህን ያነበብኩት እኔ ነኝ። እማማ ቁጥር አያወሩም። እሳቸው የሚያወሩት ከደረጃው ሥር ስላለችው ቁም ሳጥን ነው። አምስቱም እዚያ ውስጥ ተደራርበዋል። ቦምቡ ሲወድቅ የጭስ መውጫው ጥላሸት በአንዴ ተራግፎ ቤቱን ሞላው። «ድምፁን ረስቼዋለሁ። ጥላሸቱ ግን አሁንም አፌ ውስጥ ነው።» ነግቶ ሲወጡ ኳስ የማትመልሰው ሴትዮ ቤት በቢላ እንደተቆረጠ ዳቦ ለሁለት ተከፍሏል። የላይኛው ፎቅ መኝታ ቤት መንገድ ላይ ከቆመ ሰው ሁሉ ይታያል። እናታቸው ሮጠው ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «ሬሳ እንዳላይ መስሎኝ ነበር። ለካ አልጋው ሥር ያለውን ፖፖ እንዳላይ ነው! የሰው ገመና ነዋ።» ሴትዮዋ እህቷ ዘንድ አድራ ተርፋለች። ኳሶቹ ግን ፍርስራሹ ውስጥ ተገኙ። ስድስት ናቸው።

እሁድ ማታ ሰዉ ሌላ ሌሊት አልጠበቀም። ብርድ ልብሱን በሕፃን ጋሪ እየገፋ ወደ ገጠር ወጣ። እነ እማማ ኢንግሊሽኮም የምትባል መንደር ጎተራ ውስጥ አደሩ። ወንድማቸው እንዳይፈሩ ላም እያሳያቸው። ከኮረብታው ላይ ከተማዋ ስትነድ አዩ። ከሞቱት ብዙዎቹ የተቀበሩት ሄይኮም ነው፤ ወደዚያችው መንደር በሚያወጣው በኩል። እማማ በዚያ ስናልፍ መስኮቱን ዝቅ አድርጊልኝ ይላሉ። ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።

ስለ ከረሜላ ካወሩ ግን አያቆሙም። በዚያው ዓመት በሐምሌ ከረሜላ በራሽን ሆነ። አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ሰው በሳምንት 85 ግራም ገደማ ነበር። እማማ አንዱን ከረሜላ ጠዋት ልሰው በወረቀት ጠቅልለው ለማታ ያስቀምጡ ነበር። ራሽኑ የተነሳው ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1953 ነው፤ ጦርነቱ ካለቀ ስምንት ዓመት ሊሞላው ሲል። ያኔ ሃያ ዓመታቸው ነው፤ ሥራ ይዘዋል፣ ሊፕስቲክ ይቀባሉ። ከልጆቹ ጋር ተሰለፉ።

አንድ ማክሰኞ ደግሞ አምስት ጠጠር ከመሳቢያ አወጡ። አንዱን ወደ ላይ ወረወሩ፣ ከታች ሁለት ለቀም አደረጉ፣ የተወረወረውን ቀለቡ። ጮህኩ። ቅልብልቦሽ! የገረመኝ ሕጉ ሁሉ አንድ መሆኑ ነው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ከዚያ በእጅ ጀርባ። በኖራ መሬት ላይ እየሰመሩ በአንድ እግር የሚዘሉትንም ሲያሳዩኝ ሰኞ ማክሰኞ ሆኖ ተገኘ። ቅልብልቦሹን በ93 ዓመታቸው አሸነፉኝ። ጥፍሬን አሳድጌ ስለነበር ነው።

አባታቸው ባቡር ላይ ነበር የሚሠሩት። ከባዝ ተነስቶ ደቡብ፣ ባሕሩ ዳር፣ ቦርንመዝ የሚደርሰው መስመር። «ኤስ ኤንድ ዲ» ይባላል፤ ሰው በፊደሎቹ እያላገጠ «ቀርፋፋና ቆሻሻ» ይለዋል። ከባዝ እንደወጣ ዳገት ነው፣ ከዚያ ሁለት ዋሻ። ረጅሙ፣ የኩም ዳውን ዋሻ፣ 1,672 ሜትር ነው፤ ጠባብ፣ አየር መሳቢያ ቀዳዳ የሌለው። ሠራተኞቹ እርጥብ ጨርቅ አፍንጫቸው ላይ አድርገው ነበር የሚያልፉት። በ1929 አንድ የጭነት ባቡር እዚያ ውስጥ በጣም ቀዝቅዞ ሲሄድ ሾፌሩና ረዳቱ በጭሱ ራሳቸውን ሳቱ። ባቡሩ ዋሻውን ወጣና ቁልቁለቱን ያለ ሰው ተምዘግዝጎ ባዝ ጣቢያ ሲደርስ ተገለበጠ። ሾፌሩን ጨምሮ ሦስት ሰው ሞተ። እማማ ከመወለዳቸው በፊት ነው፤ ግን አባታቸው በሥራ ቀን ሲዘገዩ እናታቸው ለምን መስኮት ላይ እንደሚቆሙ የገባቸው ይህን ከሰሙ በኋላ ነው።

መስመሩ በ1966 ተዘጋ። ዋሻዎቹ በ2013 ለእግረኛና ለብስክሌት ተከፈቱ። ባለፈው ክረምት እማማን በዊልቸር ይዣቸው ሄድኩ፤ ወደ አጭሩ፣ ዴቮንሻየር ወደሚባለው። ውስጡ በበጋም ብርድ ነው። ብስክሌተኞች ደወል እያሰሙ ያልፋሉ። መሃል ላይ ስንደርስ አስቆሙኝ። ጣራውን አዩ። ጡቡ እስካሁን ጥቁር ነው። ይሄን ማንም አላጠበውም። እጄን አንሺልኝ አሉና ግድግዳውን ነኩ፤ ጣታቸውን አዩት፤ ከዚያ ኪሳቸው ከተቱት። ሶፍት ባቀርብላቸው እምቢ አሉ።

መንገዳቸውን ግን ላሳያቸው አልችልም፤ የለችም። ሆሎዌይ ከሚባለው ዳገት የምትገነጠል ጠባብ መንገድ ነበረች። ግማሹን ቦምብ ወሰደው። የቀረውን ማዘጋጃ ቤቱ፣ በስድሳዎቹ። በስድሳዎቹና በሰባዎቹ ባዝ ውስጥ ብዙ የሠራተኛ ቤት ፈርሷል፤ ታሪካዊ የሚባሉት ሮያል ክረሰንትን የመሳሰሉት ቆመው። አርጅተዋል፣ ውሃ የላቸውም፣ ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ እማማም አይክዱም። ሽንት ቤቱ ውጭ ነበር፣ በክረምት ውሃው ይጋገራል። «ግን ሲያፈርሱት ማን የት ይኖር እንደነበር አልጻፉም» አሉኝ። ፖስታውን ያነሱት ያኔ ነው።

እኔ የካዛንቺስ ልጅ ነኝ። የሰፈራችን ስም ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ስም። ጃንሆይ እዚህ ባዝ ብርድ ሲመታቸው በነበረ ጊዜ መሆኑ ነው። ባዝ ስመጣ ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። በ2024 መጨረሻ ካዛንቺስም ፈረሰ። ቪዲዮውን ሥራ ላይ ሆኜ በስልክ አየሁት፤ የቱ የእኛ ግቢ እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

ማታ ቤት ገብቼ ፖስታ ፈለግሁ። የእኛ ቤት። የሻምበሉ። የልብስ ሰፊው። ጠላ ቤቱ፣ ጣሳው እንጨት ላይ የተሰቀለበት። ቧንቧው። እዚያ ላይ ቆምኩ። ከቧንቧው ቀጥሎ የማን ነበር?

እናቴ አሁን ገላን ነው የምትኖረው። ስደውልላት እዚያ እኩለ ሌሊት አልፏል።

«ምነው? ሰው ሞተ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም፣ እማዬ። ከቧንቧው ቀጥሎ የማን ቤት ነበር?»

ዝም አለች። ተናዳ ልትዘጋብኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«ከቧንቧው በላይ ነው በታች?»

«በታች።»

«ጠላ ቤቱን የት አደረግሽው?»

ነገርኳት።

«ተሳስተሻል። ቆይ፣ መብራት ላብራና ወረቀት ላምጣ።»